ቅምሻ አይቆጠርም

ጥር 13፣ 1978

…ቀበቶዬን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በወስፌ ሌላ ቀዳዳ ስትበሳልኝ፣ «ወገብህን የት ጥለኸው መጣህ?» ብላ ሳቀች። ሁመራ ነበርን ያኔ፤ ሉሉ ገና በደረቷ የምትሳብ፣ እኔ ከእርሻ እርሻ ስዞር ከስቼ አጥንቴ የገጠጠ፤ የሺመቤትም ወስፌውን በጥርሷ እንደያዘች ቀና ብላ ልትናገር… እዚህ ላይ ትቆምብኛለች። ምን ልትል እንደነበር ጠፍቶኛል።

ቀበቶው አሁን የሻንጣ ማሰሪያ ነው። ወገቤን መዞር ካቃተው ቆይቷል።

ዛሬ ጠዋት፣ ሠራተኛ ሳይገባ፣ የጆንያው ሚዛን ላይ ወጣሁ። ዘጠና ስድስት ኪሎ። ከገና ወዲህ ዘጠና ስድስት። ከኅዳር እስከ ገና እንደ ደኅና ሰው ሲወርድ ከርሞ እንደ እልኸኛ በቅሎ ቆመ። በቅሎ እንኳ ሲመቷት ጆሮዋን ታንቀሳቅሳለች።

የምበላው የድሮውን ግማሽ አይሆንም። የምሄደው እጥፍ ነው። የሚገባው ካነሰ፣ የሚወጣው ከበዛ፣ ጎተራ ይጎድላል። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። እኔ ግን ተምሬአለሁ፤ የስንት ባለርስት እርሻ ሒሳብ ይዣለሁ። የገዛ ሆዴን ሒሳብ መዝጋት አቃተኝ።

ጥር 15

ጋረደውን ገዳሪፍ ገበያ መሀል አገኘሁት። ከዶካ መጥቶ ለባትሪው ድንጋይ ይገዛል። ሰው አሻጋሪ ነው፤ በፋሽጋ እርሻዎች መካከል ሾልኮ፣ ጓንግን ተሻግሮ አርማጭሆ ይገባል፣ ይወጣል። በጥቅምት «ሚስቴንና ልጄን ላመጣ ነው፤ አብሬህ ልሂድ» ብለው፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አይቶኝ ሰው ፊት እንዲህ አለኝ፦

«አያ እንግዳው፣ እኔ ማታ ነው እምሄድ፣ ቀን ቁጥቋጦ ሥር ነው እምተኛ። ወደኋላ የቀረውን ለጅብ ነው እማስረክብ። ይሄን ቦርጭ መጀመሪያ አንድ ቦታ ያስቀምጡትና ይምጡ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በማግሥቱ ነው ለራሴ ቃል የገባሁት፤ ዘጠና ኪሎ ስገባ እሄዳለሁ። ዘጠና ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱ የት ያውቀዋል ኪሎ።

«እህሳ፣ ጎደለ?» አለኝ ዛሬ፣ በአገጩ ወደ ሆዴ እያመለከተ።

«እየጎደለ ነው።»

«ጎሽ። ጓንግም አሁን እየጎደለ ነው። በሰኔ ግን ይሞላል፤ ያኔ እኔም ቤቴ ነኝ።»

ባለጌ። ወንዝ ስላቋረጠ ብቻ ሽማግሌ የሆነ የሚመስለው።

ጥር 19

ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ ከትልቁ የእህል ማከማቻ ጀርባ እስከ ባቡር ሐዲዱ፤ ከዚያ ተመልሼ፤ እንደገና። ዋልካው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ሰው እግሩን ካላየ ይሰበራል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከመሬት በቀር የማየው የለም። ጥሩ ነው። የገዳሪፍን ፊት ከማየት ይሻላል።

በዚህ ከተማ ያለ ጉዳይ የሚራመድ ሰው አይታወቅም። የሎሪ ሾፌሩ ያቆምና «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ውጣ!» ይለኛል፤ «በእግሬ ይሻለኛል» ስለው ሊያለቅስልኝ ይደርሳል። ፖሊሱ ደጋግሞ ምን እንደጠፋኝ ይጠይቀኛል። የሚጠፋው እምቢ አለኝ እንጂ ምን ጠፋኝ።

ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ደግሞ ያገሬ ሰዎች አሉ። ይሄን ሁሉ ዓመት ተሰደው ያልጨረሱት አንድ ሥራ አላቸው፤ ስንመለስ ማን የየትኛው አውራጃ ገዥ ይሁን የሚለው። በስኳር ብርጭቆ አገር ያስተዳድራሉ። ዛሬ አንዱ ጭራውን ወደ እኔ ዘርግቶ፣ «ዞር በሉለት! ጠላትን በሆዱ ሊደመስስ ልምምድ ላይ ነው» አለ።

መንገዴን ቀጠልኩ። ግን አምና ከተከዜ ማዶ አጥንቱ ብቻ እየመጣ ካምፑን የሞላውን ሕዝብ ያየ ሰው፣ በፈቃዱ የሚከሳ ሲያይ ቢጸየፍ አልፈርድበትም። እዚህ የማይበላ ሰው ወይ ያጣ ነው፣ ወይ የታመመ። ሦስተኛ ዓይነት የለም። እኔ ሦስተኛው ነኝ።

ጥር 24

ሰው ሁሉ «ሚዛን ቤት ነው እሚሠራ» ይላል። ሚዛንማ ማንም ያነባል። የኔ ሥራ አፍ ነው።

ጆንያው ይመጣል። ሹሉን ቱቦ ብረት ጎኑ ላይ እወጋለሁ፤ ሰሊጡ በብረቱ ውስጥ ተንሸራቶ መዳፌ ላይ ይወርዳል። እፍ እላለሁ፤ ወደ አፌ። እርጥበት ያለው ጥርስ ላይ ይለጠፋል። የደረቀው ይፈነዳል። የሻገተው ዘግይቶ ምላስ ሥር ይመራል። የሁመራ ዘር ከሆነ መጨረሻው ጣፋጭ ነው። ሐጅ ኢድሪስ፣ ባለመጋዘኑ፣ ከአጠገቤ ቆመው ፊቴን ብቻ ያያሉ፤ ራሴን ከነቀነቅሁ ይገዛሉ፣ ከተፋሁ ሎሪው ይመለሳል። ሌሎቹ ነጋዴዎች ቀማሽ ይለዋውጣሉ፤ እሳቸው እኔን አለወጡም። በዚህ አገር የተከበረ የአካል ክፍል ቢኖረኝ ምላሴ ነው።

ዛሬ የገባው የፋሽጋ ጭነት ነው፤ መጋዘኑ እስከ ደጃፉ ሞላ። አንድም ጆንያ ሳይቀመስ አላለፈም።

ምሳ አልበላሁም። አልራበኝምም። ይህ የፈቃድ ጥንካሬ ይመስለኛል።

ጥር 28

ስማቸው መጣ። ያገሬ ልጅ ነው፤ በየዓመቱ ለማሽላ አጨዳ ከአርማጭሆ ይሻገራል። መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ፣ ትምህርት ቤት እንደተጠየቀ ተማሪ ዓይኑን ሰማይ ላይ ተክሎ የተላከበትን አወረደው፦

«እትዬ የሺመቤት እንዲህ በለው አሉኝ። ሉሉን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ለልጁ ጠይቋታል። እምቢ ማለት አልተቻለኝም፤ ዐቢይ ጾም ይለፍ ብዬ አዘግይቻለሁ። ከፋሲካ ወዲያ ግን ምክንያት የለኝም። ሴት ልጄን ለማላውቀው አሻጋሪ አልሰጥም። አባቷ ራሱ ይምጣ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ስለኔ አልጠየቀችም?»

«ደኅና ነው ወይ አሉኝ። ወፍሯል አልኳቸው።»

«ምን አለች?»

«ወደ ምጣዳቸው ዞረው ‹ይመስገን› አሉ።»

ደስ ብሏት ይሆናል። ወፈረ ሲባል ማን ይከፋዋል? ስማቸው ግን የሰው ወሬ የሚያደርስበት መልክ ያናድዳል፤ እንደ ጆንያ አምጥቶ እግርህ ሥር ዘጭ ያደርገዋል።

እስከ ፋሲካ። በቂ ጊዜ ነው። ስድስት ኪሎ ምን አላት።

የካቲት 4

ሌላ ጨመርኩ። ከመንገዱ ስመለስ ክፍሌ ውስጥ በጀርባዬ ተኝቶ መነሣት፣ ገመድ መዝለል። ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪያችን እንዳሠራን። ያን ሰውዬ ያኔም እንቀው ነበር።

በግድግዳው ማዶ ወለተ ማርያም። አከራዬ ናት፤ እራቴንም የምትሠራልኝ እሷ ናት።

«አያ እንግዳው! ማንን ነው እሚያንቁት?»

«ማንንም! ስፖርት ነው!»

«እንዲያው ሰው ካለ በደጅ ያስወጡት፤ እኔ አላይም።»

ሳቋ ግቢውን ሞላው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የሚያስቃት የሌላ ሰው ጭንቅ ብቻ ነው።

የካቲት 7

ዘጠና ስድስት።

የካቲት 8

ዘጠና ስድስት። እራት ተውኩ። ወለተ ማርያም ሰሐኑን መልሳ ስትወስድ ከንፈሯን መጠጠች። ጎረቤት ስትነግር ሰማሁ፤ «ሳምባውን ነው። እኔ አውቀዋለሁ። ባሌም እንዲህ ነው የጀመረው።»

ከሆዴ በፊት ስሜ ከሳ።

የካቲት 11

ድሬሰር ታምሬ ዘንድ ሄድኩ፤ የእርዳታ ድርጅቱ ክሊኒክ። ነጭ ካባው ላይ አራት እስክሪቢቶ ይሰካል፤ የሚጽፈው በእርሳስ ነው።

«ጠዋት ምን ትበላለህ?»

«ሻይ። ስኳር የለውም።»

«ምሳ?»

«አልበላም።»

«ማታ?»

«ትንሽ ኪስራ በሽሮ። አሁንስ እሱንም ትቻለሁ።»

«መሀል መሀል ላይስ? ቆሎ፣ ፉል፣ ቴምር?»

«ሕፃን ነኝ እንዴ?»

እጁን አጣምሮ እንደ ሊቅ ወደ ጣራው አየ። «እንግዲያው ግልጽ ነው። ሰውነትህ ድርቅ የገባ መስሎት ጎተራውን ቆልፎብሃል። እግርህን ታበዛለህ፣ እህል ትነሳዋለህ፤ ይፈራል። ከመንገዱ ትንሽ ቀንስ፣ ምሳ ጨምር። ድርቁ እንዳለፈ ሲያምን ራሱ ይከፍትልሃል።»

ጎተራ! አምና እደጁ በቃሬዛ የተደረደሩት የማን ጎተራ ተቆልፎላቸው ነው? ፊቱ ላይ ልለው ፈልጌ ተውኩት። ጨዋ ነኝ።

ግን ምሳ ጨምር ማለቱ የሕክምና ትእዛዝ ነው። እቀበለዋለሁ። መንገዱን አልቀንስም፤ ያን የሻይ ቤት ሕዝብ «ተወው» አላሰኝም።

የካቲት 20

ምሳ እበላለሁ። ፉል፣ ዘይት በዛ ያለበት፤ እዚህ ያለ ዘይት አይሰጡህም። ምንም ለውጥ የለም። አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ግማሽ ስበላም ዘጠና ስድስት፣ ሙሉ ስበላም ዘጠና ስድስት፣ ስሄድም፣ ስቀመጥም። ከኔ ጋር ምንም ጉዳይ የሌለው ቁጥር ነው። እንደ ባለሥልጣን፤ ታመለክታለህ፣ ትለምናለህ፣ ቀና ብሎ አያይህም።

አንዳንዴ ይህ ሆድ የኔ አይመስለኝም። ቀድሞኝ በር የሚገባ፣ ቀድሞኝ ወንበር የሚይዝ፣ ሰው ከኔ በፊት ሰላም የሚለው አንድ ዘመድ። ያልጠራሁት።

ሉሉ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ጥላኝ ብታልፍ አላውቃት ይሆናል። እሷም እኔን።

የካቲት 30

ቅበላ። ነገ ጾሙ ይገባል ብሎ ያገሬ ሰው ሁሉ እንደ ጅብ። በየግቢው በግ ይጮሃል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ወለተ ማርያም ቁርጥ አምጥታ፣ «ከነገ ጀምሮ ሁላችንም እንደ እርስዎ ነን፤ ዛሬ ደግሞ እርስዎ እንደኛ ይሁኑ» አለች። ላለማስቀየም በላሁ። ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ሥጋ የማይቀምስ ሰው አንድ ቀን ቢበላ ምንም አይደለም። ድሬሰሩም ሰውነቴ እንዳይፈራ ብሏል።

መጋቢት 1

ጾሙ ተጀመረ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። ይሄን የመሰለ ዕድል! ሰው ሳይጠይቀኝ፣ ሳምባውን ነው ሳልባል፣ እግዜርን ተገን አድርጌ እከሳለሁ። እስከ ፋሲካ ዘጠና እገባለሁ። እሄዳለሁ።

መጋቢት 12

የዛሬውን ልጻፈው።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መጣሁ። ሽሮው ቀረበ። ወለተ ማርያም ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ሳወራ አፌን አፌን ታያለች።

«አያ እንግዳው፣ ጥርስዎ መሀል ያለው ምንድነው?»

«ምን አለ?»

«ሰሊጥ ነው። አሁን ገና ነው ጾሜን የምፈታ አላሉም?»

«እሱማ ሥራዬ ነው እትዬ። ቅምሻ አይቆጠርም።»

«የት ነው እማይቆጠር? እግዜር ዘንድ ነው፣ ሆድዎ ዘንድ?»

ጉርሻዬን ጠቀለልኩ።

«በቀን ስንት ጆንያ ይወጋሉ?»

«እንደ ጭነቱ።»

«ከእያንዳንዱ እፍኝ?»

«እፍኝ አይሞላም። ቁንጥር ነው።»

«ወይ አንቺ እመቤቴ!» ብላ ጭኗን መታች። «እኔ ከኅዳር ጀምሮ ገበታዬን ሲገፉ ታመሙብኝ ብዬ ስለት ተሳልኩ! ለካ ሰውየው ቀኑን ሙሉ ዘይት መጭመቂያ ቤት ነው እሚውል! አያ እንግዳው፣ እርስዎን ቢጨምቁ እኮ አንድ ጀሪካን ዘይት ይወጣዎታል!»

ጎረቤቶቹን ጠርታ ነገረቻቸው። አንዷ ስቃ ስቃ ተቀመጠች።

እነሱ ሥራና ምግብ አይለዩም። ቄስ ቅዳሴ ላይ ወይኑን ቢቀምስ ጠጣ ይባላል? ወጥ የምትሠራ ሴት ጨውን ብትቀምስ በላች ይባላል? ለድሬሰሩ ያልነገርኩት ስለረሳሁ አይደለም። ስላልበላሁ ነው። አፌ እንጂ እኔ አልበላሁም።

መጋቢት 13

ለእነሱ ብዬ አይደለም። ስሕተታቸውን ላሳያቸው ነው። ከዛሬ ጀምሮ በጣት እፈትናለሁ፤ ፍሬውን በሁለት ጥፍር መሀል ጫን ማድረግ፣ ጆሮ ማስጠጋት። የደረቀው ይሰማል። ሐጅ ኢድሪስ ልዩነቱን አላስተዋሉም፤ ራሴን ነቀነቅሁ፣ ገዙ።

ከሰዓት በኋላ ራስ ምታት። ምን እንደሆነ አላውቅም። ራበኝ መሰለኝ።

መጋቢት 21

ዘጠና አራት።

ሚዛኑ ተበላሽቷል ብዬ በተለካ ጆንያ ፈተንኩት። ደኅና ነው።

መጋቢት 26

ዘጠና ሦስት። ሱሪዬን ስይዘው አንድ እጅ ያስገባል።

ለማንም አልነገርኩም። ደስ ብሎኛል። መንገዱንም በቀላሉ ጨረስኩት፤ ትንፋሼ እንኳ አልተለወጠም። ደስ ሊለኝ ይገባል።

ሻይ ቤቱ ቁጭ አልኩ ዛሬ፣ ያለ ልማዴ። ማዶ ሚሊሻው በዝቷል ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ጓንግ ዳር ሰው ተመትቷል ይላሉ። በስም የሚፈለጉት ሰዎች መዝገብ አሁንም አልተዘጋም፣ የሁመራዎቹማ በተለይ፣ ይላሉ። እነዚህ ሰዎች አንዳንዴ ቁም ነገር ይናገራሉ።

ያደረግሁት ነገር የለም። የባለርስቶቹን ሒሳብ ነው የያዝኩት። ግን ለደርግ ሰዎች ይሄን ማን ያስረዳቸዋል?

መጋቢት 28

ዘጠና ሁለት ተኩል። እንቅልፍ የለም።

መጋቢት 29

በጣት መፈተን አስተማማኝ አይደለም። ሻጋታን ጣት አያውቅም። ሐጅ ኢድሪስ ምንም አላሉኝም፤ ሊሉኝ ግን ይችላሉ። እንጀራዬን ሰጥተው ያኖሩኝ ሰው ናቸው፤ በሰው ገንዘብ መቀለድ ነውር ነው።

ዛሬ እንደ ወትሮው ቀመስኩ። ዶካ በኩል የመጣ ጭነት፣ መጨረሻው ጣፋጭ።

ሚያዝያ 9

ዘጠና ስድስት።

እንዳልኩት። የሰሊጥ ጉዳይ አልነበረም፤ ሰውነቴ ነው። ወለተ ማርያም አፌን ማየት ትታለች። እንቅልፍ ጥሩ ነው።

ሚያዝያ 13

ጠዋት በዶካ መንገድ ስሄድ ከኋላዬ «አያ እንግዳው!» የሚል ድምፅ። ጋረደው። አብሮኝ ይራመድ ጀመር። ስለ ግመል ዋጋ፣ ስለ ሰሞኑ ፍተሻ ያወራል፤ እኔ ዝም ብዬ እሄዳለሁ፣ እንደ ልማዴ። ፀሐይ ወጣች። ከተማው ከኋላችን ጠፋ። አንድ ግራር ጋ ስንደርስ ቆመ።

«ቆም ይበሉ እስቲ።»

«ምነው?»

«ደከመኝ።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ግን ግንባሩ ወርዝቷል። ዞሮ የመጣንበትን መንገድ አየ፣ ከዚያ እግሬን።

«በቃ፤ እግርዎ ደርሷል። በሆሳዕና ዋዜማ ከዶካ እነሣለሁ። የከተማው ሎሪ ከዚህ በጊዜ ይወጣል፤ ይምጡ።»

«ገና ነኝ። ዘጠና ስድስት ነኝ።»

«ምኑን?»

«ኪሎ።»

«ኪሎ ለኔ ምን ያደርግልኛል? ልሸጥዎ ነው?»

«ዘጠና ስገባ ብያለሁ።»

«ለማን ነው ያሉት?»

«ለራሴ።»

«እንግዲያው ራስዎን ይቅርታ ይጠይቁትና ይምጡ።»

«ቦርጭህን አስቀምጠህ ና ያልከኝ አንተ ነህ።»

አፉን ከፍቶ አየኝ። «ኧረ በመድኃኔ ዓለም! ቀልድ'ኮ ነው! ያኔ አሥር እርምጃ ሲሄዱ እንደ በሬ ስለሚያለከልኩ ነው። ሰው በቀልድ ይሄን ያህል ይጾማል?»

ይኸውልህ። የሰውን ሕይወት በቀልድ ያዝዛል፣ በቀልድ ይሽራል። ቃል ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው በዚህ ዳር የለም። ዛሬ «ምንም አይደለም» ብዬ ከሄድኩ፣ እስከ ዛሬ የራበኝ ሁሉ፣ የተሳቀብኝ ሁሉ፣ ለምን ነበር? ሰው አንድ ነገር ካለ ያለውን መሆን አለበት። አስብበታለሁ አልኩት።

«ምን ያስባሉ? ፋሲካ እኮ ደረሰ» አለኝ።

ሚያዝያ 18

ቅዳሜ። የሆሳዕና ዋዜማ።

ጠዋት ሚዛን። ዘጠና ስድስት።

ሻንጣው ተዘጋጅቷል። በቀበቶው ታስሯል።

ጭነት ገባ፤ ሐጅ ኢድሪስ ራሳቸው ቆመዋል። ጥሎ መሄድ አይቻልም።

የሎሪው ጥሩንባ።

ሮጬ ወጣሁ። መሮጥ እችላለሁ፣ ሳላለከልክ ደረስኩ። ጋረደው ከሎሪው ላይ እጁን ዘረጋልኝ። «በላት» አልኩት፣ «ከፋሲካ ማግሥት እመጣለሁ በላት።»

«ከፋሲካ ማግሥት?»

«አዎ።»

ወደ ሆዴ አላየም። ፊቴን አየኝና እጁን ሰበሰበ።

ሚያዝያ 27

የፋሲካ ማግሥት። ወለተ ማርያም ዶሮ ሠርታ ጠራችን። ሦስት ጊዜ ጨመርኩ። ጾም በተፈታ ሰሞን ሚዛን ላይ መውጣት ሞኝነት ነው፤ ሳምንቱ ይለፍ። ጋረደው አልተመለሰም። የጋረደው ነገር እንዲህ ነው፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ሌላ ጉዳይ ይይዛል። ያለ መሪ ደግሞ መሻገር አይቻልም።

መንገድ መሄድ ለጊዜው ትቻለሁ። ሙቀቱ።

ግንቦት 3

ዳግም ትንሣኤ። በሰፈራችን ሠርግ ነበር፤ ተጠርቼ ሄድኩ። ሙሽሪት ገና ልጅ ናት። ሚዜዎቹ ሲያስቋት ጥርሷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ሻይ ቤት አውራጃ የሚከፋፈሉት ሁሉ ተነሥተው ጨፈሩ።

ወጡ ጨው በዝቶበታል። ቶሎ ወጣሁ።

ምሥራቅ በኩል ደመና አለ።

ግንቦት 7

ሐጅ ኢድሪስ ዛሬ «ምነው ራስህን የምትነቀንቀው ሳትቀምስ?» አሉኝ። ብረቱን ወግቼ፣ ሰሊጡን መዳፌ ላይ ይዤ፣ ቆሜ ነበር አሉ። ስንት ጆንያ እንዲህ እንዳሳለፍኩ አላውቅም።

ዝናብ ሸተተ። አልጣለም።

ግንቦት 11

እንደሆነው ልጻፈው።

ከመጋዘን ስመለስ የግቢው በር ክፍት ነው። ጋረደው ውሃ ማስቀመጫው አጠገብ ቁጢጥ ብሏል። «እህሳ» አላለኝም። ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ጋረደው ባርኔጣ ሲያወልቅ አይቼ አላውቅም።

አልጋው ላይ፣ በጥላው በኩል፣ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ወለተ ማርያም ጎንበስ ብላ በጣሳ ውሃ እግሯ ላይ ታፈስላታለች። እግሩ አብጧል፣ ተረከዙ ተሰነጣጥቋል፣ አንዱ ጥፍር የለም። አንዲት የካምፕ ሰው ናት ብዬ ላልፍ ነበር። ቀና አለች።

የሺመቤት።

ጠጉሯ ሸብቷል። ትንሽ ናት፤ እንዲህ ትንሽ አልነበረችም። አየችኝ። ከላይ እስከ ታች፣ ሳትቸኩል፣ የሆነ ቦታ ላይ ሳትቆም።

«ደኅና ነህ?» አለች።

«ደኅና ነኝ። አንቺስ?»

«ደረስኩ።»

ልስማት ጎንበስ አልኩ፤ ጉንጯን ሰጠችኝ። ጨው ጨው ይላል። ከዚያ ቀና ብዬ ከኋላዋ አየሁ። ግድግዳው። ወደ በሩ ዞርኩ፤ ክፍት ነው፣ ማንም የለበትም። መንገዱ ላይ አንድ አህያ ማሽላ ጭኖ ያልፋል።

«ሉሉስ?»

የወለተ ማርያም ጣሳ አየር ላይ ቀረ። ጋረደውን አየሁት፤ መሬት መሬት ያያል።

«እግሬ ደኅና ነው» አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። «ልመጣ ነበር። ተዘጋጅቼ ነበር፤ ጋረደው ያውቃል። ትንሽ ነው የቀረኝ። አልነገረሽም?»

«ነግሮኛል።»

በነጠላዋ ጫፍ እግሯን አደረቀች። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን፣ በጣቶቹ መሀል ሳይቀር።

«የሺ፣ ሉሉስ?»

«በዳግም ትንሣኤ ሊቀ መንበሩ ቤት ገባች» አለችና ተነሣች። አንድ እጇን አልጋው ላይ አስደግፋ፣ ቆይታ፣ ከዚያ ያለ ድጋፍ። የወለተ ማርያም ክፍል ከኔ ጀርባ ነው፤ መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩላት፣ ሆዴን ወደ ውስጥ ይዤ። ሳትነካኝ አለፈች። ገባች።

ወለተ ማርያም የተረፈውን ውሃ ደፍታ፣ ጣሳውን ይዛ፣ ተከተለቻት። አላየችኝም። በሩ ተዘጋ።